ለአምስት መቶ ዓመት የታሸገው የማሽላ ሣጥን

ለተከበሩ ዶክተር መሳፍንት
የመጪው ሺህ ዓመት የበጎ አድራጎት ማኅበር ዋና ዳይሬክተር
ቆቦ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ገና ላልተወለዱት የልጅ ልጆችዎ፣ እንዲሁም የማኅበርዎ አዲሱ ስልታዊ ዕቅድ በሚፈቅደው ርቀት ልክ እስከ ሃያኛው ትውልድ ድረስ ለሚመጡት ዘሮችዎ ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል ብዬ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዛሬ በሕይወት ያለሁ ሰው ሆኜ ሳለ ውድ ጊዜዎን መሻማቴ ድፍረት መሆኑን አልስተውም። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ብወለድ ኖሮ ደብዳቤዬ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚነበብልኝ ስለማውቅ፣ ተቻኩዬ በመወለዴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እፀገነት እባላለሁ። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ የዐይን ሕክምና ነርስ ነኝ። ከደብረ ታቦር ተመድቤ ወደዚህ ቆላ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ለዐይን ሥራ ያሠለጠነኝ የእርስዎ ማኅበር ነው፤ ያን ጊዜ ስሙ «ብርሃን ለቆላው» ይባል ነበር። የመጀመሪያዋን በሽተኛዬን ስሰፋ መቸኮሌን አይተው «ቀስ በይ፣ ማንም አይቀድምሽም» ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን ግን አርቆ ለማሰብ የሚሆን ቃል እንደነበረ ገብቶኛል።

ይህ ደብዳቤ በአደባባይ ስለሚወጣና ሌሎችም ስለሚያነቡት ጉዳዩን ባጭሩ ልግለጽ። ትራኮማ ዐይንን ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛው የዐይን ቆብ ከውስጥ ይቆስላል፣ ይኮማተራል፣ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ዐይኑን ባርገበገበ ቁጥር የገዛ ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። የአገሩ ሰው ጠዋት ጠዋት በወረንጦ ያስነቅላል፤ ፀጉሩ ግን አጭርና ጠንካራ ሆኖ እንደገና ስለሚበቅል የባሰ ይወጋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብሌኑ ይነጣል፤ ከነጣ በኋላ እኔ ልመልሰው የምችለው ነገር የለም። ቀድሞ ከተደረሰ ግን ቆቡን ሰንጥቆ ፀጉሩን ወደ ውጭ አዙሮ መስፋት ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ሩብ ሰዓት፣ ጥቂት ማደንዘዣ፣ ጥቂት ክር። ክሩንና ማደንዘዣውን ይልክልን የነበረው ማኅበርዎ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በ2017 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሐሙስ ስላደረጉልን መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ማሽላው ተወቅቶ የሰው እጅ ያረፈበት ሰሞን በመሆኑ ከአራት ቀበሌ አርባ አንድ ሰው መዝግቤ፣ ከቢሮዎ ጋር ቀን ተቃጥሬ፣ የትምህርት ቤቱን ሁለት ክፍል አስጠርጌ ጠበቅኩ። ፊታቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ሻሽ አስረው መጡ። ከዞብል ተራራ ግርጌ ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ ነበሩ፤ ባጃጅ ተጋርተው የመጡም ነበሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎች በግመል መጡ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነጯ መኪናችሁ በበሩ ስትገባ፣ ሊያዩዋት እንኳ የማይችሉት ሰዎች በድምፅዋ ለይተው ከተቀመጡበት ተነሡ።

ከመኪናዋ የወረዱት የፕሮግራም ኃላፊዎ አቶ ዋሲሁን እና ታብሌት የያዙ ሦስት ወጣቶች ነበሩ። የመሣሪያውን ሣጥን ፍለጋ ከኋላ ሄጄ አየሁ፤ የተጠቀለለ ባነር ብቻ ነው ያገኘሁት።

«ክሩስ የታል?» አልኳቸው።

«እህት እፀገነት፣ ደብዳቤው አልደረሰሽም እንዴ? ስልቱ ተቀይሯል» አሉኝ።

ደብዳቤው የደረሰኝ በተከታዩ ሰኞ ነው። በጣም ያማረ ደብዳቤ ነበር። አቶ ዋሲሁን ግን ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ እያለ ዕድሉ እንዳያመልጥ ብለው፣ ለአዲሱ ዕቅድ የሚሆን መጠይቅ ከሰዎቹ ማስሞላት ጀመሩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ለሚወለድ ሰው ምን ይመኙለታል?» የሚል ነበር።

ከፊት የተቀመጡት ወይዘሮ ኡሙልኸይር ነበሩ። እሳቸውን ሳላስተዋውቅዎ ማለፍ አልችልም፤ ጉዳዬ ሁሉ የሳቸው ጉዳይ ነውና። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በራሳቸው ማሳ ማሽላ የሚያመርቱ ሴት ናቸው። በአካባቢው የሚታወቁት ግን ዘር በመምረጥ ነው። አዝመራው ሲደርስ ማሳ ውስጥ ገብተው ከሺህ ዛላ መካከል ለዘር የሚሆነውን በዐይናቸው ይለያሉ፤ ያን አስረው ጭስ በሚያገኘው ጣሪያ ላይ ይሰቅሉታል። ጎረቤቱ ሁሉ በዘር ሰዓት ከሳቸው ነው የሚወስደው። ከናታቸው የተማሩት ነው፤ እናታቸውም ከናታቸው።

ታብሌት የያዘችው ልጅ ጥያቄውን አነበበችላቸው። ወይዘሮ ኡሙልኸይር በሻሻቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉና «የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«ገና አልተወለደም እማማ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ነው የሚወለደው።»

«እሱማ ገብቶኛል። እናቱ ማን ናት ማለቴ ነው።»

«እናቱም አልተወለደችም።»

«አያቱስ?»

ልጅቷ ታብሌቱን አየች፤ እዚያ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። «አያቱም ገና ናት» አለች።

«እንዲያ ከሆነማ ወረፋው ረጅም ነው» አሉ ወይዘሮ ኡሙልኸይር። «እኛን ቶሎ ጨርሱና ወደነሱ ሂዱ።»

ይህ መልስ «ሌላ» በሚለው ሣጥን ውስጥ መሞላቱን በዐይኔ አይቻለሁ። አርባ አንዱም መጠይቁን ሞልተው፣ እያንዳንዳቸው የማኅበሩ አዲስ ስም የታተመበት ኮፍያ ተቀብለው፣ ዐይናቸው እየተወጋ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ኮፍያው ፀሐይ ይከልላል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ በመጋቢት ወር ቆቦ ላይ ባዘጋጁት የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ስለጋበዙኝ አመሰግናለሁ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ያሳዩን ሥዕል አሁንም ፊቴ ላይ አለ፤ አንዲት ጠጠር ከትልቅ የአሸዋ ክምር አጠገብ። ጠጠሯ ዛሬ በሕይወት ያለነው ሁላችን፣ ክምሩ ደግሞ ወደፊት የሚወለዱት መሆናቸውን አስረዱን። «ነገ የሚያመው ሰው ዛሬ ከሚያመው ሰው አያንስም» አሉ። እዚህ ላይ፣ ክቡር ዶክተር፣ ለአንድ አፍታ ምፀቴን ላስቀምጥና እውነቱን ልንገርዎ፤ ንግግርዎ ልቤን ነክቶት ነበር። እኔም ከደብረ ታቦር የመጣሁት ዘመዶቼን ለማከም አይደለም። የመንገድ ርቀት ሰውን ካላሳነሰ የዓመት ርቀት ለምን ያሳንሰዋል እያልኩ ከሰዓቱን ሙሉ ሳስብ ቆየሁ። ያልገባኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ በእጃችን ያለውን ሰው ለመተው የሚያስገድደን ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ስለዚህ እጄን አውጥቼ «አርባ አንዱ ሰዎችስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«እህቴ፣ ርኅራኄሽን አከብራለሁ» አሉኝ። «ርኅራኄ ግን አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። እኛ በብዛት መመራት አለብን።»

ከዚያም ምሳ ደርሶ ስለነበር ሄድን።

ከምሳ መልስ ገበሬዎችን ወክለው የተጋበዙት አቶ ፈንታው ተነሡ። የኛው ቀበሌ ሰው ናቸው፤ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም ወደ መሬት እያዩ የሚናገሩ ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ እኛ ዘንድ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ የምናስገባበት ቦይ አለ» አሉ። «ማን እንደቆፈረው አናውቅም፤ አያቴም አያውቁም ነበር። እነዚያ ሰዎች እኔን አስበው የቆፈሩት አይመስለኝም። የዚያን ዓመት ልጆቻቸው ርቧቸው ነው የቆፈሩት። ግን ደህና አድርገው ስለቆፈሩት ለኔም ደረሰ። እና እኔ የምጠይቀው፣ እነሱ ያን ዓመት በረሃብ አልቀው ቢሆን ኖሮ እኔ ከየት እመጣ ነበር?»

እርስዎ «በጣም ግሩም» ብለው አጨበጨቡ፤ አስተባባሪውም በትልቁ ወረቀት ላይ «አገር በቀል ዕውቀት» ብሎ ጻፈ። አቶ ፈንታው መልስ እየጠበቁ ትንሽ ቆመው ቆዩና ተቀመጡ።

ሦስተኛውን ምስጋናዬን በቁጥር ማስቀመጡ ስለከበደኝ እንደሆነው ልተርክልዎ።

በሚያዝያ የወይዘሮ ኡሙልኸይር ቀኝ ዐይን ጠፋ። አንድ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና «እፀገነት፣ በዚህ በኩል ጉም ሆነብኝ» አሉኝ። በባትሪ አየሁት፤ ብሌኑ ነጭ ሆኗል። ቅባት መፈለግ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ፊቴን በቀረችው ዐይናቸው አይተው ኖሮ «አብሽሪ፣ አንዷ አለች አይደል» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ።

ከዚህ በኋላ አንድ ወር ሳይሞላ ነጯ መኪናችሁ ለሁለተኛ ጊዜ መጣች። ማኅበርዎ የራያን ምርጥ ማሽላ በብረት ሣጥን አሽጎ፣ በቆቦው ቢሮ ግቢ በሲሚንቶ በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጦ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ትውልድ ሊያቆይ ወስኖ ነበር። አቶ ዋሲሁን ዘሩን የሚመርጥ ሰው ማን እንደሆነ በየመንደሩ ጠየቁ። የጠየቁት ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቤት ነው የጠቆማቸው።

እኔም ሰምቼ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት እንቢ እንዲሉ ለመምከር ነበር። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ግን «የሚበላው ሰው ምን አደረገኝ?» ብለው ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን ዛላ አስወርደው በሰሌን ላይ ተቀመጡ። «ሳይዘራ አምስት መቶ ዓመት ይቆያል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ አቶ ዋሲሁን «ሣጥኑ ዘመናዊ ነው» ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሁለት ክምር ማውጣት ጀመሩ፤ የሚሄደውን በቀኝ፣ የሚጣለውን በግራ። የግራ ዐይናቸው እየተፋቀ ውኃ ያወርድ ስለነበር አብዛኛውን የመረጡት በጣታቸው እየዳበሱ ነው። ፎቶ አንሺያችሁ በርከክ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከጉንጫቸው ላይ ያለውን ውኃ ደጋግሞ አነሣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሩብ ሰዓት ብቻ ይበቃ እንደነበር እያወቅኩ ያን ሁሉ ቆሜ ማየቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከቀኙ ክምር ግማሹን ሣጥኑ ያዘ። የቀረው እዚያው ቀረ።

በሰኔ መጀመሪያ ጎብዬ ጤና ጣቢያ ለምትሠራ ውዱ ለምትባል የሥራ ባልደረባዬ ደውዬ ነገርኳት። እሷም ከራሷ ድርሻ ቀንሳ፣ ሌላም ጤና ጣቢያ ለምና፣ ለሃያ ሁለት ሰው የሚሆን ክርና ማደንዘዣ ይዛ በሚኒባስ መጣች። ሁለታችን ሦስት ቀን ሠራን። ከሃያ ሁለቱ መካከል ወይዘሮ ኡሙልኸይር ነበሩ። በሚቀጥለው ቀን ፋሻውን ስፈታላቸው ዐይናቸውን ከፈቱ፣ ጨፈኑ፣ ከፈቱ። «አይወጋም» አሉ። ከዚያ «አልሀምዱሊላህ» ብለው እጄን ያዙ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

በሐምሌ፣ የዘር ሰዓት ሲደርስ፣ ከቀኙ ክምር የተረፈውን ዛላ ሊዘሩት ሲያወርዱት በደኅና ዐይን አዩት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። በነጠላቸው የቋጠሩትን ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱ። አንዱን ዛላ ጨመቁት፤ ፍሬ የመሰለው ሁሉ ፈርጦ ጥቁር ዱቄት ሆነ። በሽታ ነው። በጣት ሲዳሰስ ከደህናው ፍሬ አይለይም፤ በዐይን ግን ሕፃንም ይለየዋል። ከደህና ዘር ጋር ከተቀመጠ ደህናውንም ይበክላል፣ ሲዘራም በማሳው ይዛመታል። ለዘር ያስቀመጡት ጅጉርቲ የሚሉት የማሽላ ዓይነትም ከሌላ ጋር ተደባልቋል። ደህናው፣ ንጹሑ፣ በግራ በኩል እንዲጣል ተለይቶ የነበረው ነው።

«እዚያ ሣጥን ውስጥ የገባው ይኸ ነው» አሉኝ። ቀኝ ዐይናቸው ሲጠፋ ያላየሁባቸውን ድንጋጤ ያን ቀን አየሁባቸው። «እኔ ለሰው የታመመ ዘር ሰጥቼ አላውቅም። ጻፊላቸው። ይክፈቱት። እንደገና እመርጥላቸዋለሁ፣ ምንም አልፈልግም በያቸው።»

ጻፍኩ። ማኅተም ያለበት፣ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ነበር። ሣጥኑ እንዲከፈት፣ አያይዤም ላልታከሙት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ክር እንዲላክ ጠየቅኩ። በነሐሴ የደረሰኝ መልስ እንዲህ ይላል፦ «ሣጥኑ በወጣው መመሪያ መሠረት እስከ 2517 ዓ.ም. የማይከፈት ሲሆን፣ የተነሣው ሐሳብ በወቅቱ ለሚኖረው የሚመለከተው አካል እንዲቀርብ በማስታወሻ ተይዟል።» ስለ አሥራ ዘጠኙ የተባለ ነገር የለም። ከደብዳቤው ጋር ግን የማኅበሩ የ2018 ዓ.ም. የቀን መቁጠሪያ በስጦታ ተልኮልኛል። በሽፋኑ ላይ ወይዘሮ ኡሙልኸይር ዛላ ይዘው፣ ጉንጫቸው በውኃ ርሶ ይታያሉ። ከሥሩ «ለመጪው ትውልድ የፈሰሰ የደስታ እንባ» ተብሎ ተጽፏል።

ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ ጽሑፉንም አነበብኩላቸው። በግራ ዐይናቸው አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት።

«የደስታ አይደለም፣ የፀጉር ነው በያቸው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እሱስ ይሁን፣ ሥዕል ነው። የጨነቀኝ ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች መጥተው ሣጥኑን ሲከፍቱ እኔ የለሁም። ዐይኗ ታሞ ነው ብሎ ማን ይነግርልኛል?» አሉ።

ክቡር ዶክተር፣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ለሚወለድ ሰው ብሎ እውነተኛ ጭንቀት የተጨነቀ ሰው እስከ ዛሬ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከአርባ አንዱ መካከል ነው።

አሁን የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ያልታከሙት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በሩብ ሩብ ሰዓት ቢቆጠሩ አምስት ሰዓት እንኳ አይሞሉም። ከአምስት መቶው ዓመት ላይ አምስት ሰዓት ቢቀንሱልን መጪው ትውልድ የሚቀየም አይመስለኝም። ሣጥኑን ለመክፈት ደግሞ አንድ ብሎን መፍቻ ይበቃል። ወይዘሮ ኡሙልኸይር በዚህ በኅዳር አዝመራ ማሳቸው ውስጥ ገብተው፣ እያንዳንዱን ዛላ በዐይናቸው አገላብጠው፣ አዲስ ዘር መርጠዋል። ለአሥራ ሁለት ጎረቤት አካፍለው አንድ እስር አስቀርተዋል። ባለፈው የገበያ ቀን እስሩን በነጠላቸው ጠቅልለው ቢሮዎ ድረስ ይዘው መጥተው ነበር። ቀጠሮ ስላልነበራቸው ሊያስገቧቸው እንዳልቻሉ ሰምቻለሁ፤ ለሥርዓት ያለዎትን ክብር አደንቃለሁ። እሳቸውም አልተቆጡም። እስሩን በር ላይ ትተው «ሲመቻቸው ያስገቡት» ብለው ተመልሰዋል።

በሩቅ ላሉት ያለዎት ፍቅር እንዳይቀንስ፣ በቅርብ ያለነውም እንዳንረብሽዎ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ ከልብ እየተመኘሁ፣ ያስተማሩኝን ሩብ ሰዓት እስከ ዛሬ በታማኝነት የምጠብቅ፣ ተቻኩላ የተወለደች ታዛዥ ተማሪዎ፣

እፀገነት
የዐይን ሕክምና ነርስ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

የተረሳ ጉዳይ፦ እስሩን በር ላይ ተቀብለው በጥበቃ ክፍላቸው ውስጥ በንጽሕና ያስቀመጡልን የቢሮዎ ዘበኛ አቶ ሙንተሲር ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍቱልዎ፣ እርስዎም ከመኪናዎ ሆነው እጅዎን የሚያወዛውዙላቸው ሰው ማለቴ ነው። በመዝገቤ ላይ ሃያ ሰባተኛ፣ ካልታከሙት አሥራ ዘጠኝም አንዱ ናቸው፤ የታመመው ሁለቱም ዐይናቸው ነው። ሰላምታዎን ያልመለሱልዎ በንቀት ሳይሆን እጅዎ ስለማይታያቸው መሆኑን እንድነግርዎ ለምነውኛል።